ቺፕ ላነሰው ሰው የተሰጠ ምክር

ከአምቦ ወደ ጉደር በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ጓደኛሞች ቺፕ በሚባል መጫወቻ ገንዘብ እየተወራረዱ በኢንተርኔት ስለሚጫወቱት የፖከር ካርታ ውድድር ያወራሉ።

«ቺፕህ ሲመናመን መፍራት የለም። ደህና ካርድ ጠብቀህ ያለህን ሁሉ መወርወር ነው» አለ አንዱ።

«አንተ ግን በወረወርክ ቁጥር ትባረራለህ።»

«ትናንት ሦስተኛ ወጣሁ እኮ!»

«በምን ካርድ?»

«ቺፔ ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ፣ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ።»

«እና?»

«ሲመለስ ከሁለት ሰው በቀር ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ተበላልተው አልቀዋል።»

«አንተ ሳትኖር?»

«ትዕግሥትም እኮ ስልት ነው።»

«የምን ትዕግሥት? ጨለማ ውስጥ ተጎልተህ! አቦ፣ አንተ ያልነካኸው ነገር ሁሉ ይቃናልሃል።»

እኔም ደህና ካርድ ስጠብቅበት የነበረውን ስልኬን ቀስ ብዬ አጠፋሁት።