ኤክስሬዩ ያላየው ስንጥቅ

ከቃሊቲ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። አጠገቤ ትልቅ የሐኪም ቤት ፖስታ ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ እናት፣ ከእሳቸው ወዲያ ደግሞ አንድ ወጣት ተቀምጠዋል።

«የእርስዎ ነው እማማ?» አላቸው ወጣቱ ፖስታውን እያየ።

«የልጄ ነው። የጉልበቱ ኤምአርአይ።»

«ምን ሆኖ?»

«እዚህ ቃሊቲ መጋዘን ሲሚንቶ ሲያራግፍ ከመኪና ላይ ወደቀ። ያኔ ኤክስሬይ ተነስቶ አጥንቱ ደህና ነው ተባልን።»

«ታዲያስ?»

«እብጠቱ አልጎድል ሲል ወጌሻ ጋ ወሰድኩት። ጅማቱ ነው ብሎ ሦስት ቀን አሸው።»

«አሁንስ ምን ተገኘ?»

«ከጉልበቱ ሥር አጥንቱ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ኤክስሬዩ አላየውም። ሲታሽ ደግሞ ጭራሽ ቦታውን ለቀቀ። ከእንግዲህ ሸክም የለም አሉት።»

«ጥፋቱ የወጌሻው ነዋ።»

«እሱ ምን ያድርግ? እግሩን ጥርቅም አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ በምን ያውቃሉ፣ እማማ።»

«ልጄ ነግሮኝ ነበር እኮ። ‹እማዬ፣ አጥንቴ ነው፣ ይብቃው› እያለ ሲለምነኝ፣ ‹ኤክስሬዩ ካንተ ይበልጥ ያውቃል፣ ቻለው› አልኩት።»

ፖስታውን እንዳልነካባቸው ጉልበቴን ሰበሰብኩ።