ዳንቴል የለበሰችው መለኪያ

ነይ ነይ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ። እንዴት አደርሽ የኔ እህት? ልጅቷስ? አሁንም ሌሊት ሌሊት ያፍናታል? አይዞሽ፣ ይተዋታል። ዛሬ ሰርቪሱ ሞልቷል አይደል? መኪናቸው ጋራዥ የገባባቸው ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ከእኛ ከአመድ ጠራጊዎቹ ጋር ተሳፍረዋል አሉ… እኔ ማንንም አላየሁም። ዓይኔ አመድ ገብቶበት የለ!

እኔ የምልሽ… መብራት ማመንጫው ውስጥ ከእኛ ጋር አመድ ይዝቅ የነበረውን ልጅ ሰምተሻል? አንቺ ያኔ አልተቀጠርሽም። አንድ አካፋ ነበር የምንጋራው። ሲስል ቆርቆሮው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ምስኪን። ዛሬ የከተማው የአየር ጥራት አለቃ ሆኗል። አየር እንኳ አለቃ እንደሚያስፈልገው በሱ ነው ያወቅነው! ቤቱንም ከሰፈራችን አንስቶ ዳገቱ ላይ ወስዶታል። ይገባዋል፤ ተምሮ ነው። አልቀናም፣ ለምን እቀናለሁ?

ደግነቱን ልንገርሽ። ምክር ቤቱ ያንን ደንብ ሲያወጣ፣ የአየር መለኪያዋ ቀይ ካበራች ማመንጫው ጭስ ማጣሪያ ይግጠም፣ እስኪገጥም ለሠራተኛው የጭስ አበል ይክፈል ሲል፣ መለኪያዋን ጭስ ማውጫው ሥር የሰቀለልን ማን ነው? እሱ ራሱ! በገዛ እጁ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ። እኛም እልል አልን። እሷ ደግሞ ከተሰቀለች ጀምሮ ቀይ በቀይ። ቀንም ቀይ፣ ማታም ቀይ።

ታዲያ አንጀቱ አልቻለም። «ጥቀርሻ ሊያበላሻት ነው፣ ውድ ዕቃ ናት» ብሎ አወረዳት። ለዕቃ እንዲህ የሚራራ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ወልውሎ፣ ቢሮው ወስዶ፣ ከአበባው አጠገብ አስቀመጣት። እዚያ የምታጸዳው ጎረቤቴ እንደነገረችኝ ዳንቴል ሁሉ አልብሷታል። መስኮትም አይከፍትባትም፣ እንዳይበርዳት። እሷስ ውለታ መች ትረሳለች፣ ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ ብቻ ሆነችለት! ሰውም እኮ ሲያዝኑለት ይለመልማል… እኛንም ይወልውለን አልልም። ውድ ዕቃ አይደለንማ።

ምክር ቤቱ አረንጓዴውን አይቶ አጨበጨበ፣ ሽልማትም ቆረጠለት። ማጣሪያው ቀረ፣ አበሉም ቀረ። ንጹህ አየር እየሳቡ የጭስ አበል ይጠየቃል እንዴ? ነውር አይደለም? ያንቺንም ልጅ የሚያፍናት ንጹህ አየር ነው፤ ሐኪሙ አልነገረሽም? ብቻ ሽልማቱን ሊቀበል ግቢያችን የመጣ ዕለት አፍንጫውን በመሀረብ ሸፍኖ ነበር። ምቀኞች «ጭሱን ፈርቶ ነው» አሉ። እኔ ግን ተከራከርኩለት፣ ጉንፋን ይዞት ነው አልኩ። ሰው አይታመምም?

ይኸው፣ ማመንጫው ጋ ልንደርስ ነው… ውይ፣ ፊት የተቀመጡት ጌታዬ፣ መስኮቱን ዘጉት? ጎሽ፣ ጥብቅ ያድርጉት! ንጹህ አየርም ሲበዛ አይስማማም። አንቺ ደግሞ ምን ትጎሽሚኛለሽ? የማንን ስም ጠራሁ? ሳል ያዛቸው መሰለኝ፣ ውሃ ካለሽ አቀብያቸው። ሳላቸው እንዴት ደስ ይላል… የሆነ ቦታ የማውቀው ይመስለኛል።

እና ያ ደግ ሰው ሰሞኑን ሴት ልጅ ተወለደችለት አሉ፣ የመጀመሪያ ልጁ። ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የድሮ ባልደረባ አይደለሁ፣ ሳልመርቀው አልወርድም። ፈጣሪ ያቺን ሕፃን ይባርክለት። አባቷ ካደገበት ሰፈር አያርቃት፤ ከዚያ ከዳገት ብርድ አውጥቶ እዚህ ጭስ ማውጫው ሥር፣ ካንቺ ቤት አጠገብ፣ ቤት ይስጣቸው። ካንቺ ልጅ ጋር አብራ ትደግ። አባቷ ንጹህ ነው ብሎ የፈረመበትን አየር ሌት ተቀን፣ እስክትጠግብ ትተንፍሰው።

አሜን በይ እንጂ! …ጌታዬ፣ እርስዎም አሜን ይበሉ እንጂ። ምን አስደነገጥዎ? ምርቃት እኮ ነው።