አንድ ናሙና ከቢቸና

— ሄሎ! የቢቸና ወጣቶች የድርሰት ክበብ ከዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ የሁለተኛ ወንበር ባለቤት መሆኑን በታላቅ ትሕትና ያስታውቃል!... ስጦታው ነኛ፣ መምህሩ። ማን መሰለህ?... የወንበሩ እግር ግን ሦስት ነው።

— አብዱልሐኪም... ሄሎ? ትሰማኛለህ? ሞጣ ዝናብ ነው እንዴ?... እሺ፣ አሁን ጥሩ ነው።

— ምን? የክበባቱ ኮሚቴ ዛሬ ነው የሚቀመጠው? ከአንድ ሰዓት በኋላ!... ናሙና ካላየ ክበባችንን ሊዘጋው... ገባኝ። አንድ ድርሰት ብቻ። ገባኝ አልኩህ እኮ።

— የለም።... የለም ማለት የለም ነው። አሥራ አንዱም ልጆች ድርሰታቸውን አንብበው ሲጨርሱ ቀደዱት።... ሳቅ፣ ሳቅ። አስተባባሪ ሆነህ ብትስቅ ያምርብሃል።

— ጥፋቱማ የኔ ነው። የመጀመሪያ ቀን ምን ብዬ ሰበክኳቸው መሰለህ? «እንደ ቅኔ ቤት እንሁን፤ እዚያ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ የሚደግም የለም!» ወልደ ኪዳን ደግሞ ደብረ ወርቅ አራት ዓመት ቅኔ የተማረ ልጅ ነው፤ የምሩን ወሰደው። አንብቦ ቀደደ። ስርጉት ቀጠለች። ከዚያማ ወግ ሆነ።

— እንደገና ይጻፉ? ማን? ዛሬ ገበያ ነው፤ ግማሹ በግ እየጎተተ ነው፣ ግማሹ ጤፍ ተሸክሟል። ያለው ወልደ ኪዳን ብቻ ነው። ቆይ ልጠይቀው። — ወልደ ኪዳን! በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለ ሕይወትህ አንድ ገጽ ይደርስልሃል?... — «ለውሸት ከሆነ ይበቃል» ይልሃል።

— ቆይማ። — ወልደ ኪዳን፣ እስኪ ከእትዬ ውበቴ ቤት መዶሻ ተዋስ፤ ለዚህ ወንበር እግር እንትከልለት።

— ሄደ። ስማኝ... አንድ አለኝ። የሱ። ከቅርጫት ለቅሜ በፕላስተር አጣብቄዋለሁ።... አያውቅም።... ስለ እናቱ ነው።... አዎ፣ ኮሚቴውን ያስለቅሳል። እሱን መች አጣሁት?

— ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም... ሁለት ደቂቃ ነው፣ አውቃለሁ።... ስሙን ብናጠፋው ቢቸና ማንነቱን አያውቅም ብለህ ነው?

— እኔስ እንዲዘጋ መች እፈልጋለሁ! ስርጉት ከቤት የምትወጣበት ሰበብ ይሄው ክበብ ነው።... እሱም ቢሆን፣ ከቅኔ ቤት ከወጣ ወዲህ ሌላ የሚሄድበት የለውም።... ቆይ፣ መጣ።

— ወልደ ኪዳን፣ ያቺ ስለ እናትህ የጻፍካት... ብትገኝና ለሰው ብናሳያት ምን ትላለህ?... እ?

— ...አለሁ፣ አልተቋረጠም። «እንደምትቀደድ ባላውቅ መች እጽፋት ነበር» አለኝ። ይህን ብሎ ሚስማር መምታት ጀመረ። ይሰማሃል?

— አልልክም።... አልልክም አልኩህ፣ አብዱልሐኪም። ከፈለጉ የዛሬ ሳምንት መጥተው ይስሙ፤ ወንበር አለን።... ወረቀት ብቻ ነው የሚያዩት? ይሁን።

— ቅጹ ላይ «ያልተላከበት ምክንያት» የሚል አለ? ስንት መስመር?... አምስት! ባዶውን ተወው።

— አልተቀየምኩህም።... እንደሚዘጋ ሰማሁ እኮ።... ምክንያቱን አልናገርም። ለኮሚቴውም፣ ላንተም።... ለምን እንደማልናገርም አልናገርም። በል ደህና ዋል።