ከእኔ የተደበቀው በርበሬ

እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ ባለችው ሱቄ «የጎንደር በርበሬ» እያልኩ የምሸጠው ዱቄት ወጥ አላቀላ ሲል፣ የሚያመጣልኝን ፋብሪካ ከሰስኩት። ዳኛዋ ምን እንደሚቀላቅሉበት የሚያሳየውን ሰነድ እንዲያቀርቡ አዘዘች። የፋብሪካው ጠበቃ ደረቱን ነፍቶ፣ «የንግድ ምስጢር ነው» አለ። በመጨረሻ ጠበቆቹ ብቻ እንዲያዩት ተፈቀደ። የከሰስኩት እኔ፣ ከደንበኛ ጋር የተጣላሁት እኔ፣ በር ላይ የቀረሁትም እኔ።

ጠበቃዬ የናሕሊኤል ሰፈር ልጅ ነው፤ እናቱ እማማ ጥሩነሽ ደንበኛዬ ናቸው። አንብቦ ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጧል። «ምን አለበት?» አልኩት። «አሱር ነው፣ ክልክል ነው እትዬ፤ ፈርሜያለሁ። ለእርስዎም ለማንም አልናገርም» አለኝ። እኔም ጨዋ ልጅ ነው ብዬ አከበርኩት።

በማግስቱ እማማ ጥሩነሽ ከእኔ የገዙትን በርበሬ ይዘው መጡ። «ልጅዎ ምን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም አልነገረኝ። ቤት ገባና የሠራሁትን ወጥ ከነድስቱ ደፋው እንጂ።»

ከዚያ ወዲህ በርበሬ የሚጠይቀኝ ጠፋ። ነቬ ሐይም ሰፈር ለቅሶ ቤት ስገባ ሴቶቹ አዩኝና ወሬያቸውን አቋረጡ። አንዷ ጠጋ ብላ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ያን ጉድ ስታበዪን ሳታውቂ ነው፤ አንፈርድብሽም» አለችኝ።

«የቱን ጉድ?» አልኳት።

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገችና፣ «እሱማ ለአንቺ አይነገርም» አለች። «ዳኛዋ ከልክላለች።»