የሐውልቷ ጀርባ

ፀጉር ቤት ተራ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጎረቤቴ ድንጋይ ጠራቢው ሆነው አገኘኋቸው። ሰፈሩ «መዶሻው» ይላቸዋል፤ የጀመሩትን ክርክር ሳይጨርሱ ከወንበር አይነሱማ። የዚያን ቀን የሚከራከሩት ከልጃቸው ልጅ ጋር ነበር። በኮምፒውተር መሳል የተማረች ወጣት ናት፤ ልትወስዳቸው መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ አደባባዩ ላይ እንስራ በትከሻዋ የያዘች የሴት ሐውልት ነበረች። ከጠረቧት ሦስት ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰችና ድንጋይዋ ለጉድጓድ መሙያ ሆነ። ልጅቱና ጓደኞቿ የድሮ ፎቶግራፎችን ሰብስበው በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ በብርሃን ሠርተዋታል፤ በማግስቱ ለሕዝብ ትታያለች። አያቷ ቀድመው አይተው ስህተቷን እንዲነግሯት ብትለምን፣ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብለው እምቢ አሉ።

«አባባ፣ እኔ ልፈሰው አላልኩም» አለች በትሕትና። «እንስራው ምን ይመስል እንደነበር ለሰው ላሳይ ነው ያልኩት።»

«ድንጋይ የእጅ ነገር ነው፣ ልጄ። እጅ የማይነካውን እኔ ሐውልት አልለውም።»

ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ጣልቃ መግባት አመሌ ነው። «ጋሼ፣ ያመኑት ድንጋይ እኮ ዛሬ መኪና ይሄድበታል» አልኳቸው። እሳቸውም ከፀጉሬ ይልቅ ምላሴን ቢያሳጥሩልኝ እንደሚሻል ነገሩኝ። ቢሆንም ነገሩ ሳይከነክናቸው አልቀረም፤ ፀጉራቸውን እንደተቆረጡ «በሉ እንሂድ፣ አይቼ ልሳቅባችሁ» አሉ።

አዳራሹ ጨለም ያለ ነው። ሰው ግድግዳው ፊት ቆሞ እጁን ሲያንቀሳቅስ ሐውልቷ አብራ ትዞራለች። መዶሻው እያፈሩ እጃቸውን አነሱ። ፊቷን አይተው «አፍንጫዋ ደህና ነው» አሉ። አዞሯት። ጀርባዋ ሲመጣ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ልጇስ?»

«የቷ ልጅ፣ አባባ?»

የሐውልቷ ጀርባ ወደ ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ስለነበር ፎቶ አንሺው ሁሉ ያነሳት ከፊት ነው። ልጅቱና ጓደኞቿ ደረቷ ላይ ያለውን ቋጠሮ የነጠላ መስሏቸው ጀርባዋን ሜዳ አድርገውታል። ለካ ቋጠሮው የማዘያ ኖሯል።

«ጀማሪ ነበርኩ» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ማንም አያየውም ብለው ጀርባውን ለኔ ሰጡኝ። በዚያ ሰሞን ሚስቴ ወልዳ ነበር፤ በተረፈው ድንጋይ ሕፃኗን አስተኛኋት። እናትሽ ናት።»

ልጅቱ አለቀሰች፤ እኔም ዓይኔን ጠራረግሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ከዚያ ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡና በመዳፋቸው አየሩን እየቀረጹ «ጉንጯን ሞላ አድርጊው፤ ጭንቅላቷ ወደ ግራ ነው» ይሉ ጀመር። እሷም ያሉትን ሁሉ አስተካከለች።

ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ። «መምህር፣ መንገዱ አንዴ አፍርሷታል። እኔ ዝም ብል ኖሮ ሁለተኛው አፍራሽ እኔ ነበርኩ።»

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ተማሪዎች አውቶቡስ በሚጠብቁበት ቦታ ማን ቆማ እንደነበረች አወቁ፤ አንዲት አሮጊት ደግሞ ስለ ፈረሰው የሰዓት ማማ የሚያስታውሱትን ሊያጽፉ ተሰለፉ። አንባቢዬ ሆይ፣ የአዲሱ ጥበብ ጥቅም ይኸው ነው፤ ሽማግሌ የያዘውን አብሮት ከመቀበር ያድናል። ግን ሽማግሌውም መጥቶ መናገር አለበት።

ሽበት የጀመራት ነርስ የመዶሻው ልጅ፣ የልጅቱ እናት፣ ከሥራ በቀጥታ መጣች። ፊት ለፊት ቆማ «ታምራለች» ብላ ልትመለስ ስትል፣ አባቷ እጇን ይዘው ቀስ ብለው አነሱት።

«አዙሪያት» አሏት።