ሽማግሌዎቹና ከባሕር ሥር ያለው በረዶ

— ሄሎ … አዎ ኅሩይ፣ እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሀብተወልድ። … ኧረ ቀስ በል፣ ልጅቷን ገና አልሰጡህም። ሜራን ከተማ፣ የሔቨን አባት ቤት ነን። ኮሪደር ወጥቼ ነው የማወራህ።

— አይ፣ አልተቆጡም። አስተዳደግህንም ጠባይህንም ነገርናቸው። አባቷ አቶ አስረስ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ቆዩና «ሥራውስ?» አሉ። አብሮኝ ለሽምግልና የመጣው አበጀ እኔን አየ፣ እኔ አበጀን አየሁ። … «ዙሪክ ይማራል» ብለናላ። አራት ዓመት ሙሉ ምን እንደምትማር ማን ጠይቆህ ያውቃል?

— እሺ፣ ባጭሩ አስረዳኝ። … ሜቴን፣ ጋዝ ነው … ከባሕሩ ወለል ሥር፣ በረዶ ውስጥ ታስሮ … ክብሪት ብትጭርበት ይነዳል? በረዶው? … ኅሩይ፣ ይህን ገብቼ ብናገር ጠጥቶ ነው የመጣው ይሉኛል።

— አበጀ፣ በሩ ላይ ሁንና የምልህን አቀብላቸው። ከባሕር ሥር በረዶ ይፈልጋል በላቸው። … ምን አሉ? … «እዚህ አገር በረዶ ለማግኘት ትምህርት ያስፈልጋል ወይ?»

— ሰማህ ኅሩይ? … እሺ፣ መርከቡ ረጅም ገመድ ይጎትታል፣ ኤሌክትሪክ ወደ ታች ይለቃል … ጨዋማው ጭቃ ያሳልፈዋል፣ በረዶው እምቢ ይላል … እምቢ ያለበት ቦታ በረዶው አለ ማለት ነው። ይሄማ ይገባል። ሳትቆፍሩ?

— አበጀ፣ ሳይቆፍር ከሥር ያለውን ያውቃል በላቸው። … «በዓይኑ አይቶታል ወይ?» ይላሉ፣ ኅሩይ። … አላየኸውም? … ደግሞ ድንጋይም ሊሆን ይችላል? ኧረ «ሊሆን ይችላል» የምትለዋን ለዛሬ ተዋት። … ዋሽ አላልኩህም … እሺ፣ እሺ። አበጀ፣ አላየውም። አንዳንዴም ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። እንዳለ ንገራቸው፣ ልጁ አልዋሽም ብሏል።

— እርስ በርስ እየተመካከሩ ነው። … እኔ ምን ላድርግ፣ እኔም ልቤ ተንጠልጥሏል። ያለ ሔቨን እንደማይሆንልህ አውቃለሁ እኮ። … አይ፣ ባቡር ይዘህ እንዳትመጣ። ሽማግሌ ተቀምጦ አግቢው ዘው አይልም፣ እዚያው ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈርህ ቁጭ በል። … ቆይ፣ አበጀ መጣ።

— ምን አሉ? … አንተ፣ እየሳቅህ አትንገረኝ። … እንዲያ አሉ?

— ኅሩይ፣ ስማኝ። «ልጄ ስትኮርፍ ሦስት ቀን አትናገርም። እኔም እናቷም ምን እንደሆነች ሳናውቅ ሃያ ስድስት ዓመት ኖርን። ሳይቆፍር የሚያውቅ፣ ሲሳሳትም የማይዋሽ ሰው ከተገኘ ይውሰዳት» ብለዋል።

— ሄሎ? … ትሰማኛለህ? … እያለቀስክ ነው እንዴ? … በል አልቅስ፣ ምንም አይደል። እኔ ልዝጋው፣ ሰዎቹ ቆመው እየጠበቁኝ ነው።