የእትዬ አንጓች ስም ሊሰረዝ ሲል

እትዬ አንጓች እኅቴ ናቸው፤ የባለቤቴ እኅት ማለቴ ነው። ከደብረ ኤልያስ መጥተው ደብረ ማርቆስ እኛ ዘንድ ከገቡ ወዲህ ደም ግፊታቸው ጠናባቸው። የጤና መድን ደብተራቸው ግን የሚሠራው በቀድሞ ወረዳቸው ስለነበር፣ የዓመቱ የምዝገባ ጊዜ ሳያልፍ ለማዛወር አብረን ወደዚያው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ ቀይ እስክሪብቶ ስታነሳ እትዬ አንጓች እጇን ያዟት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ስምዎን ልሰርዝ ነዋ፣ እማማ። ካልተሰረዙ እዚያ አይመዘግቡዎትም።»

«የሚሰረዝ የሞተ ሰው ነው! እኔ በእግሬ ነው የመጣሁት።»

«ጋሼ፣ እባክዎ ያስረዱልኝ።»

ላስረዳ ስል፣ ትምህርት ቤት የለወጡ ተማሪዎቼን ስም ስንት ጊዜ በቀይ እንደሰረዝሁ ትዝ አለኝና አፈርሁ። «ልጄ፣ አትሰርዢው» አልሁ፤ «ከጎኑ ‹ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውረዋል› ብለሽ ጻፊ።»

«ኃላፊው ካልፈቀደ አልችልም፤ እሱ ደግሞ ምሳ ወጥቷል።»

«እንጠብቀዋለን» አሉ እትዬ አንጓች፤ ደጃፉ ላይም ተቀመጡ።

ኃላፊው መጥቶ ሰማቸውና ፈቀደ። ማንበብ ስለማይችሉ ጸሐፊዋ የጻፈችውን ሁለት ጊዜ፣ አይ፣ ሦስት ጊዜ አስነበቧት። ከዚያም «በል ተነሥ፣ መኪናው ሳያመልጠን» አሉኝ።